በሩ የተሰቀለበት አገር

በኛ አገር ዕዳ አራት ዓመት ከኖረ ይሞታል። ይህን የማያውቅ የለም፤ ልጆች ገና ፊደል ሳይጨርሱ ይማሩታል። ከወንዙ ወዲያ ባለው አገር ግን ዕዳ ዐሥር ዓመት ይኖራል። እኛ ያንን አገር ማዶ እንለዋለን፤ እነሱም እኛን ማዶ ይሉናል። የነሱ ዕዳ ዕድሜው ለምን እንደረዘመ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። አንዳንዱ ውሃቸው ነው ይላል፤ ሌላው ነጋዴዎቻቸው ትዕግሥተኞች ስለሆኑ ነው ይላል። በመካከላችን አንድ ድልድይ አለ፤ ሁለት የተጫኑ በቅሎዎች ጎን ለጎን አያሳልፍም።

ዕዳ በሕይወት እስካለ ድረስ የባለዕዳው ቤት በር የአበዳሪው ነው። አስታዋሽ የሚባል ሠራተኛ ካቻቢቴ ይዞ ይመጣል፤ በሩን ከነማጠፊያው ይፈታል፤ ተሸክሞት ይሄዳል። ሌላ ነገር አይነካም። ሳጥንም፣ አልጋም፣ ድስትም አይነካም። በር በሌለው ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ማንም አላፊ አግዳሚ ሊወስደው ስለሚችል፣ አስታዋሹ በከንቱ መድከም የለበትም ይባላል።

ልጄ ትርሲት ከማዶ ነጋዴዎች የዱቤ ካርድ የተቀበለችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። ካርዱን ያመጣላት በኛ ገበያ ይዞር የነበረ የማዶ ሰው ነው። በካርዱ የልብስ ስፌት መኪና ወሰደች። ዩኒፎርም ትሰፋለት የነበረው ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ድረስ በየወሩ ከፈለች፤ ከዚያ በኋላ ግን አልቻለችም። መክፈል ካቆመች ሰባት ዓመት ሆኗታል። አራተኛው ዓመት የሞላ ዕለት ጎረቤቶች መጥተው «እንኳን ተገላገላችሁ» ብለውን ነበር። ትርሲት ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሞተ የተባለ ነገር ሁሉ፣ ሬሳውን ካላየሁ አይዋጥልኝም።

አስታዋሹ የመጣው ክረምቱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ትርሲት ወሯ ገብቶ ነበር። ባሏ ለሥራ ቆላ ከወረደ ወራት አልፈውት፣ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

«ቤቶች» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ማነው?»

«አስታዋሽ ነኝ።»

በሩን ስከፍት ቀጭን፣ ጥላ የያዘ፣ ጫማውን ደጃፉ ላይ የሚጠርግ ሰው ነው። መንበሩ እባላለሁ አለኝ። ከዚያ ከኪሱ ገመድ አውጥቶ የበሩን መቃን ቁመትና ስፋት ለካና ገመዱን ቋጠረበት።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኩት።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እመቤቴ። በድልድዩ የማያልፍ በር ከሆነ አስቀድሜ ማወቅ አለብኝ።»

«የዚህ ቤት ዕዳ እኮ ሞቷል። ከሞተ ሦስት ዓመት አለፈው።»

«እዚህ ሞቶ ይሆናል» አለ፣ እንደሚያጽናና ሰው። «እኛ ዘንድ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። ጤናውም ደህና ነው።»

«አንድ ዕዳ እንዴት እዚህ ሞቶ እዚያ ይኖራል?»

«እኔንም ይገርመኛል» አለ።

ካርዱን አወጣና ጀርባውን አሳየኝ። እዚያ ላይ፣ ቅማል በሚያክል ፊደል፣ ይህ ካርድ የማዶ ልጅ ነው ይላል። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ትንሽ ፊደል ማንበብ አያቅተኝም። ባያስተምሩኝ ኖሮ ያን ቀን እንቅልፌን አላጣም ነበር።

አቶ መንበሩ ትርሲትን ከሆዷ እስከ ፊቷ አየት አደረጋትና «በሰላም ይገላግልሽ» አላት። ወደ እኔ ዞሮም የማን አገር ዘመን እንደሚሠራ የሚወስነው የዘመን ቆጣሪው ስለሆነ፣ እሱ እስኪወስን በሩን እንደማይፈታ ነገረኝ። «ደግሞ ዝናብ ነው» ብሎ ሄደ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሩን ከማየት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ባህር ዛፍ ነው፤ ባሌ ከመሞቱ በፊት የሠራው። ልጄ በር በሌለው ቤት፣ በዚያ ዝናብና ብርድ ስትወልድ ታየኝ። ሕፃኑ ሲያስል ተሰማኝ። ሌባ ገብቶ የሕፃኑን ብርድ ልብስ ሲወስድ ታየኝ፤ ከዚያም ሌባው በሩ የት እንደሄደ ሲጠይቀኝ።

ጎረቤቴ የሺመቤት ናት መላውን ያመጣችው። የሷ ቤት መቃን ላይ በር የለም፤ የተሰፋ ጆንያ ነው የተንጠለጠለው።

«ማዶ ውሰጂው» አለችኝ። «እኔ የኔን እዚያ ካስቀመጥኩት አምስት ዓመቴ ነው። አስታዋሾቹ የሚመጡት ከማዶ ነው አይደለም? በር የሚፈልጉት እዚህ ነው። በገዛ አገራቸው ማን ይፈልጋል?»

«አምስት ዓመት ያለ በር ኖርሽ?»

«ከሚወሰድብኝ ይሻላል።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው ታዲያ?»

«አንቺ ደግሞ። የኔ አልተወሰደም እኮ፤ አስቀምጬው ነው።»

ይህ አሳመነኝ። ትርሲት ግን ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ በር እንዳይወሰድብን ብለሽ በር ልታሳጪን ነው?» አለች።

«ዝም በይ፣ አንቺ አሁን መናደድ የለብሽም።»

«አልተናደድኩም። በርዶኝ ነው።»

በሩን ፈታንና እኔና የሺመቤት ተሸክመነው ሄድን። የድልድዩ ጠባቂ ባሻ ጥሩነህ ከዳሱ ሳይወጣ «በር ነው?» አለን። «በር ነው» አልነው። «እለፉ። ለዛሬ አራተኛ ናችሁ» አለ። የባሌ እህት አጸደ የምትኖረው ማዶ ነው። በሩን አገላብጣ አየችውና፣ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብላ የበግ ጋጣዋ ላይ ሰቀለችው። ልክ የተሠራለት ይመስል ገጠመ። ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩና ተመለስኩ።

ቤታችን ላይ ሁለት ጆንያ ሰፍቼ አንጠለጠልኩ። ከዚያ በኋላ የጎረቤት ዶሮዎች ሳያንኳኩ መግባት ጀመሩ። እኔም ከጆንያው ሥር አንጥፌ መተኛት ጀመርኩ። በሩ እያለ የምፈራው በሩ እንዳይወሰድ ብቻ ነበር፤ አሁን ደግሞ የሚገባውን ሁሉ መፍራት ሆነ። ትርሲት «ቢያንስ በሩን አንፈራለትም» ብላ ትቀልድብኛለች፤ ማሳል መጀመሯ ግን አላማረኝም።

ዘመን ቆጣሪው በሚቀጥለው ሳምንት አስጠራን። ቤቱ በኛ በኩል ባለው የድልድዩ ጫፍ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ሰዓቶች አሉ፤ አንዱ የኛ፣ አንዱ የማዶ። ሁለቱም አንድ ሰዓት ነው የሚያሳዩት። እሱ ወፍራም፣ ቆሎ ከኪሱ እያወጣ የሚቆረጥም ሰው ነው። የመንደሩ ሰው ግማሹ ሊሰማ መጥቶ ነበር፤ ማዶ በር ያላስቀመጠ ሰው ጥቂት ነውና።

መጀመሪያ አቶ መንበሩ ተናገረ። «ጌታዬ፣ ካርዱ የተጻፈው ማዶ ነው። አበዳሪው የማዶ ሰው ነው። የማዶ ልጅ መሆኑም ጀርባው ላይ ሰፍሯል።»

«እርስዎስ?» አለኝ ቆጣሪው።

«መኪናው የተገዛው እዚህ ነው» አልኩ። «ልጄ የምትኖረው እዚህ ነው። ብትወልድም የምትወልደው እዚህ ነው።»

ቆሎውን አላምጦ እስኪውጥ ጠበቅን።

«ካርዱ የማዶ ልጅ መሆኑን ተቀብያለሁ» አለ። «ስለዚህ ወለዱም፣ ቅጣቱም በማዶ ሕግ ይታያል። ዘመን ግን የካርድ ጠባይ አይደለም፤ የቦታ ጠባይ ነው። የምቆጥረው በሩ በተሰቀለበት አገር ዘመን ነው።»

ከኋላ ያለው ሰው እፎይ አለ። አንዷ ሴት ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። እኔ ግን አንገቴ ላይ ያለው ቁልፍ ሲቀዘቅዝ ተሰማኝ።

«የዚህ ቤት በር የት ነው የተሰቀለው?» አለ ቆጣሪው።

አቶ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማዶ ነው፣ ጌታዬ። የበግ ጋጣ ላይ። ትናንት ሳልፍ አየሁት፤ በገመዴም ለካሁት።»

«የበግ ጋጣ በር፣ በር ነው?»

«ይከፈታል፤ ይዘጋል።»

«እንግዲያው በር ነው።»

የሺመቤት ክንዴን ይዛ ቆነጠጠችኝ፤ ጥፋቱ የኔ ይመስል። ቆጣሪው ግን አልጨረሰም። «ክረምት ስለሆነ አልጨክንም» አለ። «ነገ የሦስት ሰዓቱ ደወል ሲደወል በየደጁ እዞራለሁ። መቃኑ ላይ በር ያለው ቤት ዕዳው በኛ ዘመን ይቆጠራል። መቃኑ ባዶ የሆነው ቤት በሩ ማዶ ነው፤ ዘመኑም የማዶ ነው። ይህ ለሁሉም ነው።»

ሰው ሊበተን ሲል አቶ መንበሩ እጁን አወጣ። «የማዶ ሰው በር እዚህ ቢሰቀልስ፣ ጌታዬ?»

«በሩ በተሰቀለበት አገር ነው ያልኩት። የማን በር አልኩ?»

አቶ መንበሩ እጅ ነስቶ ወጣ። ሥራው ስለሆነ የጠየቀ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ትርሲትን ትቻት ከየሺመቤት ጋር ወጣሁ። የልጄ ፊት አላማረኝም፤ ወገቤን ትንሽ ነው ያመመኝ አለች። የሷን ትንሽ አውቀዋለሁ። ልቅር ብዬ ሦስት ጊዜ ከደጅ ተመለስኩ። በመጨረሻ «እማዬ፣ ሂጂና ያንን በር አምጪው፤ አንቺ እየተመላለስሽ ምጡ ከኔ ይልቅ ያንቺ ሆነ» ብላ አባረረችኝ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ መንደሩ በሙሉ ወጥቷል። ሁሉም ባዶ እጁን ወደ ማዶ ይሄዳል። ከማዶ ደግሞ ሰው ሁሉ በር ተሸክሞ ወደ እኛ ይመጣል። ሰማያዊ ቆርቆሮ በር፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ በር፣ ደወሉ እንደተንጠለጠለ የሚንቃጨል በር። አንድ ሽማግሌ በሩን እንደ ቃሬዛ ከልጁ ጋር ይዞታል፤ ላዩ ላይ ድመታቸው ተቀምጣለች።

«ወዴት ነው ይህ ሁሉ በር?» አለችው የሺመቤት።

«ወደናንተ ነው እንጂ። እናንተ ጋ ዕዳ በአራት ዓመት ይሞታል አይደል?»

«እኛ እኮ የራሳችንን ልናመጣ ነው የምንሄደው።»

«አምጡ፤ ማን ከለከላችሁ? እኛን አሳልፉንና አምጡ።»

«የት ልትሰቅሉት ነው?»

«ባዶ መቃን መች ጠፋ በናንተ አገር።»

በጎናቸው ተሹለክልከን አጸደ ቤት ደረስን። «በጎቼስ?» አለች በሩን ስንፈታ። ጆንያ እልክልሻለሁ አልኳት። የየሺመቤትን ለሁለተኛ ዙር ትተን፣ የኔን በር ተሸክመን ስንመለስ ድልድዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በር ሆኗል። በር በበር ላይ ተደርቦ፣ ከፊት ያለው አይሄድ፣ ከኋላ ያለው አይመለስ። መሐል ላይ ስንደርስ ከሥራችን እንጨቱ ሲንቋቋ ሰማሁ። እንደሚሰበር ከጠዋቱ አውቄው ነበር፤ ለማን ልንገር።

ባሻ ጥሩነህ የድልድዩ መደገፊያ ላይ ወጥቶ ቆመ። «ይህ ድልድይ የተሠራው ለሰው ነው» አለ። «ወይ በሩ ይወርዳል፣ ወይ ሁላችንም እንወርዳለን። እኔ መዋኘት አልችልም።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ሽማግሌው ድመቷን አነሣና በሩን ለቀቀው። ሌሎችም ለቀቁ። እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ። የሺመቤት «ደብሪቱ፣ ልቀቂ፤ እጄ ሊገነጠል ነው» አለችኝ። ለቀቅኩት። በጀርባው ወደቀ፤ ውሃው ላይ ተዘርግቶ፣ ማጠፊያዎቹ ወደ ላይ፣ ቀስ ብሎ ሄደ። የወንዙ መታጠፊያ እስኪደርስ ድረስ አየሁት። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር።

ደወሉ የተደወለው በዚያው ነው።

ከድልድዩ እስከ ቤቴ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። በየመንገዱ ቀድመው የተሻገሩ የማዶ ሰዎች በኛ መቃኖች ላይ የገዛ በሮቻቸውን ይመታሉ። የሺመቤት ቤት ላይ አረንጓዴ በር ተሰቅሏል። የኔን ቤት ላለማየት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር መሰለኝ፣ ከቆጣሪው ጋር ለጥቂት ነው ያልተጋጨሁት። ደጄ ላይ ቆሟል።

ቤቴ ላይ በር አለ። ቡናማ ነው፤ እጀታው ነሐስ ነው፤ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። አጠገቡ አቶ መንበሩ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። ካቻቢቴው በክንዱ ሥር ይታየኛል።

ቆጣሪው በሩን ከፈተው፤ ዘጋው። «ይከፈታል፤ ይዘጋል» አለ።

ከውስጥ የትርሲት ማቃሰት ተሰማ። አፌ ሳላስበው ተከፈተ። «ጌታዬ፣ ይህ በር እኮ...»

አቶ መንበሩ አሳለ። ረጅም ሳል ነበር።

«ይህ በር ምን?» አለ ቆጣሪው።

አፌን ዘጋሁ።

«የማን ነው ልትሉኝ ከሆነ፣ እሱ የበር ቆጣሪ ሥራ ነው» አለ ቆሎውን እየፈለገ። «እንዲህ ያለ ሠራተኛ ደግሞ ገና አልተቀጠረም። የዚህ ቤት ዕዳ ሞቷል። ለከርሞ ክረምት በዚሁ ደወል ተመልሼ አያለሁ።» ወደ የሺመቤት ቤት አለፈ።

አቶ መንበሩን አየሁት። እሱ ጫማውን ያያል።

«የርስዎ ነው?» አልኩት።

«የኔ ነው።»

«እርስዎም ዕዳ አለብዎት?»

«ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አለ። «ለዚያው ለቀጠረኝ ነጋዴ። ለሌላው ሳስታውስ የራሴን ማንም እንዳያስታውስብኝ ስጸልይ ነው የኖርኩት። የርስዎን መቃን የለካሁ ዕለት ነው ያወቅኩት፤ ከኔ በር የሚበልጠው በሁለት ጣት ብቻ ነው።»

«ልጄ እንዴት አስገባችዎት?»

«ምጥ ይዞኛል፣ እማዬ» አለች ትርሲት ከውስጥ። «በር ይዞ የመጣ ሰው ልመልስ? ስቀለው፣ ዝጋው፣ ውጣ አልኩት።»

የልጅ ልጄ ከቀትር በፊት ተወለደች። የሺመቤት አዋለደቻት። ዝናቡ በሩን ይደበድበው ነበር፤ በታች በኩል በሁለት ጣት ልክ ነፋስ ይገባል እንጂ ቤቱ ሞቀ። እትብቷ ከተቆረጠ በኋላ ወጥቼ ሳይ አቶ መንበሩ ጥላውን ዘርግቶ እዚያው ቆሟል።

«ምን ሆነች?» አለኝ።

«ሴት ናት።»

«እሰይ። ደህና ናት?»

«ደህና ናት። የርስዎስ ቤት? ማን አለ?»

«ባለቤቴ አለች። ሦስት ልጆች አሉ።» ወደ ድልድዩ አየና «ይበርዳቸዋል» አለ።

ገባሁና ሁለቱን ጆንያዎች አጣጥፌ ሰጠሁት። ላጸደ በጎች ቃል የገባሁት ትዝ አለኝ። ጆንያዎቹን በብብቱ ይዞ፣ እጅ ነስቶ ወደ ድልድዩ ሄደ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምንኖረው። በሩን ባወርደው የሱ ዕዳ ይነሣል፤ እሱ ቢያወርደው የኛ ዕዳ ይነሣል። ስለዚህ ስለ ዕዳ አንነጋገርም። ሌላ በር ልግዛ እንዳልል፣ የአገሩ በር ግማሹ ወንዝ ስለገባ አናጢዎቹ የሚጠሩት ዋጋ ከቤቱ ይበልጣል። ትርሲት ስለዚህ ነገር አትጨነቅም። ትሰፋለች፤ ታጠባለች፤ «ተዘግቷል አይደል?» ትለኛለች።

እኔ ግን አስባለሁ። የሱ ዕዳ በመጪው ሚያዝያ ዐሥር ዓመት ይሞላዋል። ያኔ በማዶ ዘመንም ይሞታል፤ በሩም በየትኛው አገር ቢሰቀል ለሱ ያው ይሆናል። ልጆቹ አንድ ክረምት በጆንያ አሳልፈዋል። እኔ በሱ ቦታ ብሆን መጥቼ እወስደው ነበር። የኛ ዕዳ በማዶ ሲቆጠር ገና ስምንተኛውን ነው የያዘው፤ ቆጣሪው ደግሞ በክረምት ይዞራል።

አቶ መንበሩ በየገበያው ቀን ይመጣል። ማጠፊያዎቹ እንዳይዝጉ ዘይት ያንጠባጥብላቸዋል፤ ሕፃኗን ያጫውታል፤ ይሄዳል። አንኳኩቶ ነው የሚገባው፤ የገዛ በሩን። ሲያንኳኳ ሕፃኗ ትስቃለች። እኔ ማነው ከማለቴ በፊት በቁልፉ ቀዳዳ እጁን አያለሁ፤ ዘይት ነው የያዘው ወይስ ካቻቢቴ።

እስካሁን ዘይት ነው።